የመሣሪያ መሐንዲስ ስንት ታወጣለች?

አማርኛችን ሀብታም ነው ሲባል እሰማለሁ። እኔን ከሀብቱ ይልቅ ቁጠባው ነው የሚያስደንቀኝ። ሐኪም ነፍስ የሚያድንበትንም ወታደር ነፍስ የሚያጠፋበትንም በአንዲት ቃል «መሣሪያ» ብሎ ያልፋል። በዚህ ቁጠባ የተረፈውን ቃል የት እንዳከማቸው ግን እስካሁን የነገረኝ ሊቅ የለም። ይህች ቃል ምን እንዳደረሰችብኝ ላጫውታችሁ። የቸኮለ አንባቢ ካለ ከወዲሁ ይሰናበተኝ፤ የተማርኩበት ዕቃ ሳይሞቅ አይሠራም፤ እኔም ከርሱ የወረስኩት ጠባይ ይኸው ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። በረዶው ከሰው ቁመት በማያንስበት ወዳጅ የሶሻሊስት አገር አዲስ ቋንቋ ተምሬ፣ በዚያ ቋንቋ ፊዚክስ ተምሬ፣ በፊዚክሱ ላይ የሰውን አካል ደርቤ፣ የሕክምና መሣሪያ መሐንዲስ ተብዬ ተመለስኩ። ሙያው እንግዳ ለሚሆንበት ሰው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ሐኪም በሽተኛውን ይጠግናል፤ እኔ ደግሞ ሐኪሙ የሚጠግንበትን ዕቃ እጠግናለሁ። የመርፌ መቀቀያውን፣ መመርመሪያውን፣ ከሁሉም በላይ የሰውን ሆድ ሳይከፍቱ ውስጡን የሚያሳየውን ራጅ። የተመደብኩት ሞጣ ነው። መዳቢዎቼ ሞጣን ካርታ ላይ አይተዋታል። ካርታ መብራት የገባበትንና ያልገባበትን አገር ለይቶ ስለማያሳይ በዚህ የሚወቀስ የለም።

ራጁ ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ሳጥኑ ውስጥ ተኝቶ ጠበቀኝ። የሚነሣበት ኃይል ስላልነበረ ተኝቶ እንዲቆይ ተወሰነ። እኔም በየጠዋቱ ሳጥኑን ከፍቼ አቧራውን በጨርቅ እጠርጋለሁ፤ አይጥ ሽቦውን እንዳልቀረጠፈው አረጋግጣለሁ፤ መልሼ እዘጋለሁ። ትምህርቴ ዓለም አቀፍ ደረጃ ያለው ስለሆነ አቧራውንም በደረጃው ነበር የምጠርገው።

ቤተሰቦቼ ያሉት ቢቸና ነው። አባታችን የቅኔ መምህር ናቸው፤ ተማሪ እንጂ ደመወዝ ኖሯቸው አያውቅም። ታላቅ ወንድሜ አያ ሽባባው ወፍጮ ቤት ያስተዳድራል፤ እህል ሲመዝን የኖረ ሰው ነውና ሰውንም ሳይመዝን አያድርም። የእኔን ዲግሪ በየዓመት በዓሉ ይመዝነዋል። በወጪው በኩል በባዕድ አገር ያለቀው ዕድሜዬ፣ በዚያ ዕድሜ ይወለዱ የነበሩ ልጆች፣ ልጆቹ ይጠብቋቸው የነበሩ ላሞች፣ ላሞቹ ይወልዷቸው የነበሩ ጥጆች ይቆለላሉ። በገቢው በኩል ደመወዜ ይቀመጣል፤ እርሱም የሴቶች ማኅበሩ፣ የቀበሌውና የእናት አገር ጥሪው መዋጮ ከተነሣለት በኋላ የሚተርፈው ነው። ሚዛኑ ወዴት እንደሚያዘነብል ለመገመት ዲግሪ አያስፈልግም። «ለማይጠመድ በሬ የቀንዱ ማማር ምን ይሠራለታል» ብሎ ሒሳቡን ይዘጋል። የተማርኩት ምን እንደሆነ ግን አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። ከነጭ ጋዋኔ ተነሥቶ የመርፌ ወጊዎች አለቃ ነገር አድርጎ ገምቶኛል።

ነገሩ የተበላሸው፣ ወይም እንደ አያያዛችሁ የተቃናው፣ የሞጣ ቀበሌ አዲስ ሠራተኞችን በስብሰባ ባስተዋወቀ ጊዜ ነው። ሊቀ መንበሩ «ከውጭ ሠልጥና የመጣች የሕክምና» ሊሉ ሲሉ ሳል ያዛቸው። ሳሉ ሕክምናን ይዞት ሄደ። ሕዝቡ የሰማው «ከውጭ ሠልጥና የመጣች የመሣሪያ መሐንዲስ» የሚለውን ብቻ ነው። ጭብጨባው ለሐኪሙ ከተጨበጨበው በጣም ረዘመ። እኔ ደግሞ የተማረ ሰው እንደሚያደርገው፣ ያልገባኝን ነገር ለሳይንስ የተሰጠ ክብር ነው ብዬ ተቀበልኩት።

በተከታዩ የገበያ ቀን ጋሽ ፈንታ የሚባሉ ሽማግሌ ከጉንደ ወይን ድረስ መጥተው ከተከራየሁበት ቤት በር ላይ ቆሙ። እንዲገቡ ብጋብዛቸው ግራ ቀኙን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ቤቴ አንድ አሮጌ ተኝቶብኛል» አሉኝ። «በጣሊያን ጊዜ አባቴን ያገለገለ ነው። አሁን ጉሮሮው ተዘግቶ ድምፁ አልወጣ አለ።»

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅሁ። ባለፈው ክረምት ጣራው አፍስሶ ዝናብ ስለመታው ነው አሉኝ። ያስለው እንደሆነ ጠየቅሁ። ድሮ ሲያስል አገር ይሰማው ነበር፤ አሁን ግን ቃ ብሎ ዝም ነው አሉኝ። ምግብስ?

«አምስት ይጎርስ ነበር» አሉ በሐዘን። «አሁን አንድም አይወርድለት።»

የጤና ረዳቱ እንዲያየው ብመክራቸው ለሌላ ሰው እንደማያሳዩት ቁርጥ አድርገው ነገሩኝ። በቃሬዛ ያምጡት ብላቸው፣ ቃሬዛ ምን ሊያደርግ፣ በጋቢ ጠቅልለው በትከሻቸው እንደሚያመጡት ገለጹልኝ። በሽተኛው ክብደቱ እጅግ የቀነሰ መሆኑን ከዚህ ተረዳሁ። ሐኪም ባልሆንም የቤት መድኃኒት መምከር አይከለከልምና ለብ ያለ ውሃ በጨው እየተጉመጠመጠ እንዲቆይ ነገርኳቸው።

«ጨው?» አሉ ደንግጠው። «ልጄ፣ ያዝገዋል እኮ። እኔስ ዘይት ነበር ያሰብኩት።»

ዘይት ለጉሮሮ እንደማይመከር አስረዳኋቸው። ጋሽ ፈንታ የውጭ አገር ትምህርት ጥልቀት እያስደነቃቸው ሄዱ።

አከራዬ እትዬ ዘይነባ ጓዳ ሆነው ጨርቅ ሲያጥፉ ይሰሙ ነበር። ሞጣ ውስጥ ሲነግዱ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ደንበኛ አፉን ሳይከፍት የፈለገውን ጨርቅ ያወርዱለታል። የጨረሱትን ጣቃ ታቅፈው ወጡና ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ አምስት ጎርሶ የሚያስል አሮጌ እዚህ አገር ምን እንደሚባል ጠፍቶሽ ነው? ምንሽር ነው የሚባል።»

ጋሽ ፈንታን ገበያ ድረስ ሮጬ ደረስኩባቸው። የሕክምና መሣሪያ እንጂ የጦር መሣሪያ እንደማልነካ፣ በሕይወቴ ቃታ ስቤ እንደማላውቅ፣ ቀስ ብዬ፣ በቅደም ተከተል አስረዳሁ። እርሳቸው በየመሐሉ አንገታቸውን እየነቀነቁ፣ «ልክ ነሽ፤ መባል ያለበት እንዲህ ነው» ይሉኛል። በዚያ ዘመን ካስተባበሉት ነገር በላይ የተረጋገጠ ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ጋቢያቸው ወደ አንድ ጎን የረዘመ ሰዎች ይጎበኙኝ ጀመር። አንዱ የሚያነክስ አያት አለው፤ ሌላው ዓይኑ አላነጣጥር ያለ አጎት አለው። ሁሉንም መለስኩ። እትዬ ዘይነባ እንዳስረዱኝ፣ ገበያ ውስጥ ዕቃውን አልሸጥም እንደሚል ነጋዴ ዋጋው የሚንር የለም። ሰው በመመለሴ ስሜ ጉንደ ወይንን አልፎ ቢቸና ገባ።

ስሜ ቢቸና በገባ በሳምንቱ አያ ሽባባው በጭነት መኪና ሰው ላከብኝ፤ የባንቺአየሁ ነገር ሊቆረጥ ነውና ነይ ይላል። ባንቺአየሁ የበኩር ልጁ ናት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ እኔ የተማርኩትን ያንኑ ትምህርት ውጭ አገር እንድትማር ዕድል ደርሷታል። አባቷ የእኔን ሚዛን አይቶ ዕድሉን ውድቅ አድርጎት ነበር፤ ለአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሊሰጣት ከሾፌሩ አባት ከአቶ እንየው ጋር ቃል ተቀባብሏል። ይህ ያለቀ የደቀቀ ነገር እንደገና ሚዛን ላይ ለምን እንደወጣ ግን መልእክተኛው አያውቅም።

በጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ወረድኩ። ጉንደ ወይን ላይ መኪናው ሲቆም የማላውቃቸው ሰዎች ከወገባቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሡኝ። አጸፋውን መለስኩ፤ ምን ላድርግ።

ባንቺአየሁ ከመኪናው ስወርድ ጠብቃኝ ጓዜን ተቀበለችኝ። ረዥም፣ ቀጭን፣ አነጋገሯ እንደ አያቷ የተመጠነ ልጅ ናት። ቤት እስክንደርስ አልታገሠችም።

«እታለም፣ አባባ ሐሳቡን የለወጠው አንቺ ጠመንጃ የምትሠሪ መስሎት ነው። ነገ አቶ እንየው ባሉበት ይጠይቅሻል። የራጁን ነገር ከነገርሽው እኔ የምሄደው ወደ ሾፌሩ ቤት ነው።»

በሕይወቴ ውሸት ተናግሬ እንደማላውቅ፣ አሁንም እንደማልጀምር ነገርኳት።

«ዋሺ አላልኩሽም» አለች ጓዙን ከአንድ ትከሻዋ ወደ ሌላው እያዛወረች። «አታስረጂ ነው ያልኩሽ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ስማር የኖርኩት ማስረዳት ነበር። አለማስረዳት የሚባል ትምህርት መኖሩን ከዚያች ልጅ ሰማሁ፤ እርሱንም በአንድ ሌሊት መጨረስ ነበረብኝ። ያውም ካድሬ በተቀመጠበት። ከአውራጃው የተመደበው ካድሬ የአያ ሽባባው ተከራይ ነው፤ ዶሮ በታረደበት ቤት ደግሞ ካድሬ አይጠፋም። ዝም ብል ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ የምታድስ ሴት ብሎ ያስረኛል። ብናገር ልጅቱን እድራታለሁ።

በማግስቱ ተሰበሰብን። አባታችን ከመደቡ ጥግ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። አቶ እንየው ከእርሳቸው ቀጥሎ፣ ካድሬው ከዶሮው ፊት ለፊት። አያ ሽባባው ነገሩን በወፍጮ ቤት ደንብ ከፈተው፤ በአንድ በኩል ሾፌር አለ፣ በሌላ በኩል ትምህርት አለ፣ የትኛው ያዋጣል ነው ጥያቄው።

አቶ እንየው ልጃቸውን በሚገባ አቀረቡት። ዓባይ ድልድይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ሲመለስ ጨው አለ፣ ላምባ አለ፣ ሳሙና አለ። ሰው ለሳሙና በሚሰለፍበት ዘመን ሳሙና ለርሱ ይሰለፍለታል። እውነቱን ለመናገር እኔም ላመነታ ቃጣኝ፤ የዚያን ሳምንት ሳሙና አልነበረኝም።

ከዚያ አያ ሽባባው ወደ እኔ ዞረ።

«እንግዲህ አንቺ ተናገሪ። ያ የተማርሽው መሣሪያ ከምንሽር ይበልጣል?»

ካድሬው ማኘኩን አቆመ። እኔ አፌን ከፍቼ ራጅ ልል ስል ባንቺአየሁን አየኋት። የእጅ ማስታጠቢያውን ይዛ ከበሩ አጠገብ ቆማለች።

«ይለያል» አልኩ።

«በምን?»

«ጥይት አይጎርስም።»

«ኋላ ምኑን ሊተኩስ?»

«ጨረር። በዓይን አይታይም።»

«ድምፁስ?»

«የለውም።» ትክክለኛነት ጠባዬ ስለሆነ ጨመርኩ፦ «ትንሽ እዝዝ ይላል።»

አያ ሽባባው ወደ አቶ እንየው ተመለከተ። አቶ እንየው ወደ ጣራው ተመለከቱ።

«ግድግዳ ያግደዋል?»

«የጭቃ ግድግዳ ያልፋል። የሚያግደው እርሳስ ነው።»

እዚህም ላይ ቆጣቢው አማርኛችን አልተወኝም። ማዕድኑንም መጻፊያውንም እርሳስ ብሎ ጠርቶታልና፣ አያ ሽባባው የልጁን ደብተርና እርሳስ ከተቀመጡበት መስኮት ላይ ለረዥም ጊዜ አያቸው። ተማሪ ሁሉ እርሳስ የሚይዝበት ምክንያት በዚያች ቅጽበት የተገለጠለት ይመስለኛል።

«ተኳሹስ?» አለ ድምፁ ቀጥኖ።

«ተኳሹ ከመከለያ ጀርባ ይቆማል። የሚተኮስበት ሰው ልብሱን አውልቆ፣ ትንፋሹን ይዞ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ይነገረዋል።»

«ተነግሮት እሺ ይላል?»

«ተሰልፎ ነው የሚጠብቀው።»

ይህ መልስ በዚያ ዘመን፣ በዚያ ቤት ምን ዓይነት ጸጥታ እንደሚያወርድ አስቀድሜ ባስብ ሌላ ቃል እመርጥ ነበር። አቶ እንየው አማተቡ። ነገሩን ላለዝብ ፈለግሁና መሣሪያው ለመግደል እንዳልተሠራ፣ የተሠራው ውስጥን ለማሳየት እንደሆነ ተናገርኩ። ይህም እውነት ነው።

«የምን ውስጥ?» አለ አያ ሽባባው።

«ሰው በሆዱ ያለውን።»

ከካድሬው እጅ ጉርሻው ወጡ ውስጥ ወደቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ እርሱ ራሱ ተናገረ።

«ሰው በሆዱ የያዘውን?»

«ከነአጥንቱ።»

«ሰውዬው ሳይናገር?»

«ባይናገር ይመረጣል።»

ካድሬው እጁን ታጠበ። ባንቺአየሁ ስታስታጥበው ቀና ብሎ አላያትም። ከዚያ የኮቱን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ቆለፈ፤ ሙቀቱ እንኳን ኮት ጋቢም የሚያስወልቅ ነበር። ይህ ጉዳይ መስኮት ተከፍቶ በዶሮ ወጥ ላይ የሚወራ እንዳልሆነ፣ ተማሪዋም ለአብዮቱ እጅግ የምታስፈልግ መሆኗን፣ በመንገዷ የሚቆም ቢኖር የሚመለከተው አካል እንደሚያነጋግረው፣ የድጋፍ ደብዳቤውንም ራሱ ነገ እንደሚያስጽፍላት ቁጭ ሳይል ተናገረ። እነዚህን ቃላት ሲናገር ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም፤ ሁለቱንም እጆቹን ደግሞ ከሆዱ ላይ አላነሣም። ለፈቃዱ አመስግኜ ዝቅ ብዬ እጅ ነሣሁት። ሆዱን የበለጠ ጋረደው።

አቶ እንየው ከመነሣታቸው በፊት አያ ሽባባውን ወደ ጎን ሳብ አድርገው የነገሩትን ሁላችንም ሰማን፤ ሹክ ማለት የማያውቁ ሰው ናቸው።

«ወንድሜ፣ ልጄ መንገደኛ ነው። ደጀን አድሮ ዓባይ በረሃ ተበላሸሁ የሚልበት ጊዜ አይጠፋም። ሆድ ማየት የምትማር ሚስት ለርሱ አትሆነውም። እግዜር የመሰላትን ይስጣት።»

ቃሉ በዚህ ፈረሰ፤ ማንም ማንንም ሳይቀየም፣ ከዶሮውም ምንም ሳይተርፍ።

አያ ሽባባው ግን ሚዛን የለመደ ሰው ነውና አንድ ነገር ሳይገጥምለት ቀረ። ማምሻውን አጠገቤ ተቀመጠ።

«ይህን ሁሉ እያወቅሽ ደመወዝሽ ያችው ናት?»

«ያችው ናት።»

«መዋጮውም ይነሣላታል?»

«ይነሣላታል።»

ብዙ ካሰበ በኋላ መልሱን ራሱ አገኘው። መንግሥት ደመወዜን ያሳነሰው አውቆ ነው፤ ከፍ ቢያደርገው የመሣሪያው ምሥጢር ይወጣል። ደመወዜ ካነሰችው በላይ ብታንስ ኖሮ እንዴት ያለ ትልቅ ሰው እንደምሆን ሲያስበው ዓይኑ እንባ አቀረረ። በባዕድ አገር ያለቀው ዕድሜዬ፣ ያልተወለዱት ልጆች፣ ላሞቹና ጥጆቹ በሙሉ ከወጪ ሒሳቤ የተሰረዙት በዚያች ምሽት ነው። ዲግሪዬን ከዚያ በላይ ያከበረልኝ ቀጣሪ አላጋጠመኝም።

ባንቺአየሁ የሄደችው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። ልሰናበታት እንደገና ቢቸና ወረድኩ። አያ ሽባባው ለጎረቤቱ ሁሉ ልጁ ምን ልትማር እንደምትሄድ መናገር እንደማይችል እየተናገረ ሸኛት። እርሷ ከአውቶቡሱ መስኮት እጄን ጨበጥ አድርጋ ያዘችኝና ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ «እዚያ ስደርስ ማስረዳቱን እጀምራለሁ» አለችኝ። አውቶቡሱ ወደ ደጀን አቅጣጫ አቧራውን አስነሥቶ ሄደ።

አባቴ በጉባኤው ቀን አንዲት ቃል አልተናገሩም ነበር። ከሽኝቱ ስንመለስ እኔ ወደ ሞጣ የሚሄድ መኪና ወደምጠብቅበት ቦታ አብረውኝ አዘገሙ። በትራቸውን ጥቂት ጊዜ መሬት ላይ ካንኳኩ በኋላ ተናገሩ።

«ልጄ፣ የዚያን ዕለት ያልሽው የጉባኤ ቃና ቅኔ ቢሆን ለደቀ መዛሙርቱ አስጠናው ነበር። ሰሙ ሙሉ ነው፤ አንድ ቃል አልጎደለውም፤ አንድ ቃል ውሸት የለበትም።»

ከአባቴ አፍ ምስጋና የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ጥቂት ሄድን።

«ወርቁን ግን» አሉ፣ «መቼ ነው የሚከፍሉሽ?»

ዝም አልኩ። አባቴ ቅኔ የሚፈቱ ሰው ናቸው። ዝምታዬንም ፈቱት መሰለኝ፣ መኪናው ሲመጣ ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው የመሳፈሪያዬን ሒሳብ እርሳቸው ከፈሉ።